የ13 ዓመቷ ልጄ የጃፓን ሮክ ባንዶችን ብቻ ነው የምትሰማው፤ ምን ማወቅ አለብኝ?

እናት ከሰሚት
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3፡10

ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ 13 ዓመቷ ነው፤ ሰባተኛ ክፍል ናት። ዝምተኛ ናት። እንግዳ ሲመጣ ቡናውን አቅርባ ወዲያው ወደ ክፍሏ ትገባለች። ካለፈው ክረምት ጀምሮ ከዚያ ክፍል የኤሌክትሪክ ጊታር ድምፅ ጠፍቶ አያውቅም። በመጀመሪያ የአሜሪካ ሙዚቃ መስሎኝ ዝም ብዬ ነበር። አንድ ቀን ሳህን እያጠበች በማላውቀው ቋንቋ ስታንጎራጉር ሰማኋትና ምንድን ነው አልኳት። «ጃፓንኛ ነው እማዬ» አለችኝ።

ነገሩ የጀመረው «ቦቺ ዘ ሮክ» ከሚባል ተከታታይ የካርቱን ፊልም ነው። ከዚያ ወዲህ ኤዥያን ኩንግፉ ጀነሬሽን፣ ባምፕ ኦፍ ቺክን፣ ዮአሶቢ እያለች የባንዶቹን ስም እንደ ዘመድ ስም ትጠራለች። አሁን ደግሞ ጊታር ግዢልኝ ብላኛለች።

ልከለክላት አልፈልግም። ነገር ግን እኔ ያደግሁት ጥላሁንንና አስቴርን እየሰማሁ ነው፤ እያንዳንዱ ስንኝ ምን እንደሚል አውቅ ነበር። እርሷ የምትሰማውን ግን አንድም ቃል አላውቅም። ዘፈኖቹ ምን ይላሉ? ለዕድሜዋ ይስማማሉ? ይህን ሙዚቃ በቅርብ የሚያውቅ ሰው ካለ እባካችሁ ንገሩኝ።


ከሰንዳይ የተመለሰ
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 4፡35

እህቴ፣ ጥያቄዎ ልቤን ነካው። በጃፓን ሰሜናዊ ከተማ በሰንዳይ ለአራት ዓመታት ተምሬአለሁ፤ ስለዚህ ጉዳይ የሚጠይቀኝ ሰው ሳገኝ የመጀመሪያዬ ነው። ትንሽ ቢረዝም ይታገሡኝ። ዓመታቱን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ልጅዎ ያየችው ካርቱን በ2022 የወጣ ነው። ባለታሪኳ ሰው ፊት መቆም የምትፈራ ልጅ ናት። ጊታር የያዘችው ጓደኛ ለማግኘት ነው፤ ሆኖም ሦስት ዓመት ሙሉ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቀምጣ ብቻዋን ስትለማመድ ትኖራለች። እንግዳ ሲመጣ ክፍሏ የምትገባ ልጅ ይህን ታሪክ ለምን እንደወደደችው ለእርስዎ መንገር አያስፈልገኝም።

ከካርቱኑ ወደ ኤዥያን ኩንግፉ ጀነሬሽን የደረሰችውም በአጋጣሚ አይደለም። የታሪኩ አራት ልጃገረዶች የቤተሰብ ስማቸው ጎቶ፣ ኪታ፣ ያማዳ እና ኢጂቺ ነው። እነዚህ የእውነተኛው ባንድ የአራቱ አባላት የቤተሰብ ስሞች ናቸው። የክፍሎቹ ርእሶችም ከባንዱ ዘፈኖች የተወሰዱ ናቸው፤ በመጨረሻው ክፍል ልጅቱ የምትዘፍነውም የእነርሱን ዘፈን ነው። ልጅዎ ይህን ፍንጭ ተከትላ ምንጩ ድረስ ሄዳለች ማለት ነው። እኔ በበኩሌ አደንቃታለሁ።

ባንዱ የተመሠረተው በ1996 በዮኮሃማ በሚገኘው በካንቶ ጋኩዪን ዩኒቨርሲቲ ነው፤ አባላቱ ያኔ ተማሪዎች ነበሩ። ከዚህ ነው ዋናው ነገር የሚጀምረው። የጃፓን ባንዶች ወደ ታዳጊዎች ልብ የሚገቡት ብዙዎቹ ራሳቸው በተማሪነታቸው ስለተወለዱ ነው። በዚያ አገር በመካከለኛና በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከክፍል በኋላ ክበብ አለ፤ ቡካትሱ ይሉታል። ቤዝቦል የሚጫወተው ወደ ሜዳ ይሄዳል፣ ብሩሽ በቀለም ነክሮ የቁም ጽሕፈት የሚለማመደው ወደ ክፍሉ ይሄዳል፣ ባንድ የሚያቋቁመው ደግሞ ወደ ቀላል ሙዚቃ ክበብ ይሄዳል። ዓመታዊ የባህል በዓል ሲደርስ ሁሉም የደከመበትን ለትምህርት ቤቱ ያሳያል።

አንድ ጊዜ የማውቃቸው ቤተሰቦች የልጃቸውን በዓል እንዳይ ጋብዘውኝ ሄጄ ነበር። የስፖርት አዳራሹ መስኮቶች በጥቁር መጋረጃ ተሸፍነዋል። አራት ልጃገረዶች የደንብ ልብሳቸውን እንደለበሱ መድረክ ላይ ወጡ። በሁለተኛው ዘፈን መሐል ከበሮ የምትመታው ልጅ ምቱ ጠፋባትና ሁሉም ቆሙ። አዳራሹ ጸጥ አለ። ከዚያ ከኋላ በኩል አንድ ሰው እጁን በምቱ ልክ ማጨብጨብ ጀመረ፤ ቀስ በቀስ አዳራሹ በሙሉ ተከተለው፤ ልጅቱም ጭብጨባውን ይዛ እንደገና ገባች። ዓይኔ እንባ አቀረረ። የእነዚህን ባንዶች ዘፈን ስሰማ እስከ ዛሬ የሚታየኝ ያ አዳራሽ ነው።


የክራር መምህር
እሑድ፣ ከጠዋቱ 2፡50

እንደምን አደራችሁ። የጃፓንን ሮክ ጠንቅቄ አውቃለሁ አልልም፤ ባንዶቹንም ያስተዋወቁኝ ተማሪዎቼ ናቸው። ጊታሩን በተመለከተ ግን ላማክርዎት እችላለሁ። የኤሌክትሪክ ጊታር ማጉያ ይፈልጋል፣ ወጪውም ይበዛል። ለመጀመሪያ የናይለን ክር ያለው ጊታር ይግዙላት፤ ያገለገለም ቢሆን ግድ የለም። የብረት ክር የጀማሪን ጣት ጫፍ ያቆስላል፣ ብዙ ልጆችም በዚያ ምክንያት ይተዉታል። በቀን ሩብ ሰዓት ትለማመድ። ቅዳሜን ጠብቆ ሁለት ሰዓት ከመቀመጥ ይህ ይሻላል።


አባት ከጅማ
እሑድ፣ ከቀኑ 6፡20

እኔ የሚሰማኝን በግልጽ ልናገር፤ ማንንም ለማስቀየም አይደለም። ልጆቻችን የአምባሰልን፣ የባቲን ዜማ ሳይለዩ የጃፓንን ባንድ አባላት ስም በቃላቸው ሲደረድሩ ያሳዝነኛል። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ይባላል። የእኔም ልጅ 14 ዓመቱ ነው፤ ያው በሽታ ይዞታል። ግድግዳው ላይ ፊታቸውን እንደ ሴት ተኳኩለው ፀጉራቸውን ያቆሙ ወንዶች ፎቶ ለጥፏል። እነማን ናቸው ብለው ኤክስ ጃፓን ናቸው አለኝ። እኔ ምን ልበል? ደግሞስ የዘፈኖቹ ይዘት? እህታችን የጠየቁት ጥያቄ ገና አልተመለሰም።


የክራር መምህር
እሑድ፣ ከምሽቱ 1፡05

ወንድሜ፣ ቅሬታዎ ይገባኛል፤ ኑሮዬ ክራር ነውና። ቢሆንም አንድ ነገር ልንገርዎት፤ ተማሪዎቼን ባሳየኋቸው ቁጥር የሚደነቁበት ነው።

የጃፓን ልጆች ሁሉ የሚያውቋት «ሳኩራ ሳኩራ» የምትባል የቆየች ዜማ አለች፤ ስለ ቼሪ አበባ የምትዘፈን። ክራርዎን በትዝታ ማይነር ይቃኙና ይሞክሯት። ከአምስቱ ድምፆች ውጭ አንድም ድምፅ አትፈልግም። ከስድስቱ አውታሮች ክልል በጥቂቱ ስለምትወጣ ብቻ አንዳንዱን ድምፅ በስምንት ደረጃ ማዛወር ያስፈልጋል። ያው አምስት ድምፅ መነሻው ሲቀየር አምባሰል ይሆናል፤ ጃፓኖችም ኮቶ በሚባለው ባለ አውታር መሣሪያቸው ሲጫወቱት የኖሩት ይህንኑ የድምፅ አሰላለፍ ነው። ትዝታ ሜጀርም እንዲሁ ነው። እነርሱ «ዮናኑኪ» ይሉታል፤ አራተኛውና ሰባተኛው ድምፅ የወጣለት ማለት ነው። በ1963 በአሜሪካ አንደኛ የወጣው የጃፓናዊው ዘፋኝ የኪዩ ሳካሞቶ ዘፈን ዜማ በአብዛኛው የተሠራው በእነዚህ ድምፆች ነው። የኛ አባቶች ጃፓንን አላዩም፣ የእነርሱም አባቶች ወሎን አላዩም፤ ጆሯቸው ግን አንድ ቦታ ደርሷል።

የዛሬዎቹ የሮክ ባንዶች በሙሉው የምዕራባውያን ቅኝት ነው የሚሠሩት፤ ስለዚህ ሁሉም ትዝታ ነው ብዬ አልዋሽም። ነገር ግን የድምፃዊው ዜማ ብዙ ጊዜ ወደዚያ አምስት ድምፅ ሲያደላ እሰማለሁ፤ የልጆቻችን ጆሮ ቶሎ የሚለምደውም ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል። ልጅዎን ጠርተው ክራር ላይ «ሳኩራን» ያሰሙት፤ ከዚያ አውታሩን ሳይነኩ አንድ የትዝታ ዜማ ይጨምሩለት። አምባሰልን ጠልቶ እንደሆነ ያኔ ይጠይቁት።


ከሰንዳይ የተመለሰ
እሑድ፣ ከምሽቱ 2፡40

መምህር፣ ይህን አላውቅም ነበር፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

አባታችን ከጅማ፣ ግድግዳው ላይ ያሉትን ላስተዋውቅዎት። የባንዱ መሥራቾች ዮሺኪና ቶሺ ይባላሉ፤ በቺባ ግዛት በታቴያማ ከተማ ገና በሕፃንነታቸው የተዋወቁ ጓደኛሞች ናቸው። ባንዱን በ1982 የመሠረቱት ተማሪዎች ሳሉ ነው። ዮሺኪ ከልጅነቱ ጀምሮ ፒያኖ የተማረ ሰው ነው፤ ከበሮ ይመታል፣ ዜማም ይደርሳል። መኳኳሉና ፀጉሩ «ቪዥዋል ኬይ» የሚባል የመድረክ ወግ ነው፤ ሙዚቃው በጆሮ ብቻ ሳይሆን በዓይንም እንዲታይ የሚሻ። ልጅዎን የዘፈኖቻቸውን የፒያኖ ክፍል ያሰማዎት ዘንድ ይጠይቁት፤ የተኳኳለው ሰው ያን ያህል ለስላሳ ነገር እንደሚጽፍ ሲሰሙ ይገርምዎታል።

ስለ ይዘቱ። እህቴ ከሰሚት፣ ከጠሯቸው ሦስት ስሞች ሁለቱ አያሳስቡም። ባምፕ ኦፍ ቺክን በቺባዋ ሳኩራ ከተማ ከልጅነት ጀምሮ አብረው ያደጉ አራት ሰዎች ናቸው። በ2001 ያወጡት ዝነኛ ዘፈናቸው ርእሱ «የሰማይ አካላትን መመልከት» ማለት ነው። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ቴሌስኮፕ ተሸክሞ ባቡር መሻገሪያው ላይ ጓደኛውን ስለሚጠብቅ ልጅ ይተርካል፤ ስላልተጨበጠ እጅ፣ ዘግይቶ ስለመጣ ጸጸት። 13 ዓመት የሞላው ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው።

ሦስተኛው ዮአሶቢ ነው፤ እዚህ ላይ በጥንቃቄ ልናገር። ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አያሴ ዜማውን ይደርሳል፣ ኢኩራ ትዘፍናለች። ሥራቸውን በ2019 ሲጀምሩ ልዩ ያደረጋቸው እያንዳንዱን ዘፈን ከአንድ ልብ ወለድ ተነሥተው መሥራታቸው ነው። የመጀመሪያው ዘፈናቸው «ዮሩ ኒ ካኬሩ» በ2020 በጃፓን የዓመቱ አንደኛ ሆነ። ዜማው ፈጣን ነው፣ ያስጨፍራል። የተነሣበት አጭር ልብ ወለድ ግን ራስን ስለ ማጥፋት ነው። ብዙ ልጆች ይህን ሳያውቁ ይዘፍኑታል፤ ሌሎች አውቀው ይዘፍኑታል። መከልከል ይጠቅማል ብዬ አላምንም። ልጅዎ ታሪኩን ታውቀው እንደሆነ ይጠይቋት፣ ስለ ምን እንደሆነ ስሙን ጠርተው አብረው ይነጋገሩ፣ እርሷም እንዲህ ዓይነት ሐሳብ መጥቶባት ያውቅ እንደሆነ በቀጥታ ይጠይቋት። መጠየቅ ሐሳቡን አይተክልም። ሌሎቹ የዮአሶቢ ዘፈኖች ሁሉ እንዲህ አይደሉም፤ አንዱ ከሥዕል ጋር ፍቅር ስለያዘው ተማሪ ነው።


የ17 ዓመት አድማጭ
ሰኞ፣ ከቀኑ 10፡15

ጤና ይስጥልኝ። በዚህ ውይይት ውስጥ በዕድሜ ትንሿ እኔ ሳልሆን አልቀርም፤ ብጽፍ ቅር እንዳይላችሁ። እኔም በ13 ዓመቴ ነው የጀመርኩት። እትዬ ከሰሚት፣ ልጅዎን የማውቃት ያህል ተሰማኝ።

ትልልቅ ሰዎች ቃሉን ሳትሰሙ ምን ትሰማላችሁ ይሉናል። እኛ ግን ቃሉን እንፈልጋለን። ትርጉሙን ፈልገን እናነባለን፣ በደብተር እንጽፈዋለን፣ ሂራጋና የሚባሉትን የጃፓንኛ ፊደላትም የተማርኩት ለዘፈን ብዬ ነው። የኛ ፊደል እያንዳንዱ የራሱን አናባቢ ይዞ ስለሚነበብ ሂራጋና አልከበደኝም፤ «ካ ኪ ኩ ኬ ኮ» ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም።

አዶ የምትባለውን ዘፋኝ ማንም አልጠቀሳትም። የታወቀችው ፊቷን ሳታሳይ ነው። በ2020 ታዋቂ ያደረጋትን ዘፈን ስታወጣ ገና 17 ዓመቷ ነበር፤ አሁን እኔ ያለሁበት ዕድሜ። ድምፅዋን የምትቀዳው ቤቷ ቁም ሣጥን ውስጥ ነበር። ርእሱ ጸያፍ ነው፤ «ዝም በሉ» ከሚለውም ይከፋል፤ ትልልቅ ሰዎች ስለሚሉት ነገር ሁሉ የሚቆጣ ዘፈን ነው። እናቴ መጀመሪያ ስትሰማው ደነገጠች። ትርጉሙን አንብቤላት ስጨርስ ግን እርሷም በመሥሪያ ቤቷ እንዲህ ልትል የምትፈልጋቸው ሰዎች እንዳሉ ነገረችኝ።

ልጅዎ ካልሰማቻቸው ሚሲዝ ግሪን አፕልን እና ራድዊምፕስን ይንገሩልኝ። ራድዊምፕስ በ2016 «ኪሚ ኖ ና ዋ» ለተባለው ፊልም ሙዚቃውን በሙሉ ሠርተዋል፤ ፊልሙን አብራችሁ እዩት።


እናት ከሲልቨር ስፕሪንግ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 5፡50

እዚህ አሜሪካም ያው ነው። ሁለቱ መንትዮች ሴት ልጆቼ ቤቢሜታልን ነው የያዙት። ባንዱ በ2010 ሲመሠረት ሦስቱ ዘፋኞቹ ገና ከ10 እስከ 12 ዓመት ነበሩ፤ በ2016 ለንደን በሚገኘው ዌምብሌይ አሬና ተጫውተዋል። እኔ ጩኸቱን አልወደውም። ልጆቼ ግን ጭፈራውን እንቅስቃሴ በእንቅስቃሴ አጥንተው ሳሎን ውስጥ ሲያሳዩኝ፣ ቀድሞ በትንሽ በትልቁ የሚጣሉት ሁለቱ ሳይጋጩ ለአንድ ሰዓት አብረው ሲሠሩ ሳይ አመሰግናለሁ። እህት ከሰንዳይ ወይም ወንድም ከሰንዳይ፣ ሴቶች ብቻ ያሉበት መሣሪያ የሚጫወት ባንድ ካለ ንገሩን።


ከሰንዳይ የተመለሰ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡00

ወንድም ነኝ እህቴ። አለ፤ ብዙ አለ።

ስካንዳል አንዱ ነው። በ2006 በኦሳካ የዳንስና የድምፅ ትምህርት ቤት የተገናኙ አራት ልጃገረዶች ናቸው። መሣሪያ ከያዙ ብዙም ሳይቆዩ በየሳምንቱ መጨረሻ ወደ ኦሳካ ግንብ መናፈሻ እየሄዱ ለመንገደኛ ይጫወቱ ነበር፤ የተማሪ ደንብ ልብስ መልበሳቸው መለያቸው ሆነ። ለብዙ ዓመታትም አንዲት አባል ሳትቀየር እነዚያው አራቱ ሆነው ዘልቀዋል።

እኔ ግን ከሁሉ አስበልጬ የምወደው ዞንን ነው፤ ስለ እነርሱ ሳልጽፍ ብተው ሌሊቱን እንቅልፍ አይወስደኝም። ከሆካይዶዋ ሳፖሮ የመጡ አራት ልጃገረዶች ነበሩ። በነሐሴ 2001 «ሲክሬት ቤዝ» የተባለ ዘፈን ሲያወጡ ከ12 እስከ 15 ዓመት ባለው ዕድሜ ውስጥ ነበሩ። ዘፈኑ በክረምት ዕረፍት መጨረሻ ላይ ስለሚለያዩ ሁለት ጓደኛሞች ነው። አንደኛው ሊሄድ ነው፤ በልጅነታቸው የሠሩት መደበቂያ ቦታ አላቸው፤ ከአሥር ዓመት በኋላ በነሐሴ እንደገና እንደሚገናኙ ቃል ይገባባሉ። ታሪኩ ይኸው ነው። የሚዘፍኑት ልጆች አሥር ዓመት ምን ያህል እንደሆነ ገና የማያውቁ ናቸው፤ ድምፃቸው ሲሰማ ይህ ይታወቃል፤ ልብ የሚሰብረውም እሱ ነው።

ባንዱ በ2005 ተበተነ። በ2011 የጸደይ ወራት «አኖሃና» የተባለ ካርቱን ይህንኑ ዘፈን በታሪኩ ድምፀ ተዋንያን አዘፍኖ መዝጊያው አደረገው፤ ካርቱኑ በልጅነታቸው ጓደኛቸው ሞታባቸው ስለተለያዩ ልጆች ነው። ያኔ ሰው ሁሉ መቁጠር ጀመረ። 2001 ላይ 10 ሲጨመር 2011 ነው። ነሐሴም ደረሰ፤ ከዞን አባላት የተወሰኑት ተሰባሰቡና መድረክ ላይ ወጡ። በዘፈን የተገባ ቃል በዘፋኞቹ ሲፈጸም ያየሁት እዚያ ብቻ ነው።

አባታችን ከጅማ፣ ልጅዎ ይህን ዘፈን ያውቀው እንደሆነ ይጠይቁት።


አባት ከጅማ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡30

ጠየቅሁት። ያውቀዋል። ስልኩን ሰጠኝና ሰማሁት፤ ትርጉሙንም እርሱ እየቆመ እየቆመ ነገረኝ። ወደ ጅማ ከመምጣታችን በፊት በነበርንበት ከተማ አንድ የሚወደው ጓደኛ ነበረው፤ ስንለቅ አልተሰናበቱም፤ እኔም በጊዜው የልጅ ነገር ብዬ አልፌዋለሁ። ዘፈኑ ሲያልቅ ስለዚያ ልጅ ነገረኝ። ስልክ ቁጥሩን ከአባቱ አፈላልጌለታለሁ።

የክራሩን ነገር ደግሞ ለቅዳሜ ቀጥረናል። አሁንም አምባሰል ይቀድማል ባይ ነኝ።


እናት ከሰሚት
እሑድ፣ ከቀኑ 9፡00 (ከሁለት ሳምንት በኋላ)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። የጻፋችሁትን ለልጄ አነበብኩላት። የጎቶ፣ የኪታ፣ የያማዳ ነገር ላይ ስደርስ «አንቺ ይህን በምን አወቅሽ?» ብላ ከአልጋዋ ተነሣች። ስለ ዮአሶቢ ዘፈንም ጠየቅኋት፤ ታሪኩን አንብባዋለች። ረጅም ሰዓት ተነጋገርን። የተነጋገርነውን እዚህ አልጽፈውም፤ ግን በመጠየቄ ደስ ብሎኛል።

ናይለን ክር ያለው ያገለገለ ጊታር ገዝቼላታለሁ። የ17 ዓመቷ አድማጭ፣ ባንዶቹን ነግሬልሻለሁ፤ ሰላም ብላሻለች። ከሰንዳይ የተመለሱት ወንድሜ፣ የመጀመሪያ ዘፈን ምን ይሁን ትላለች። ደግሞ መምህር፣ አንድ ችግር አለ፤ ልጄ ግራኝ ናት። የምትጽፈው በግራ፣ የምትበላው በቀኝ ነው። ክሮቹን ገልብጬ ላሳስርላት ወይስ እንዳለ ትማረው?


ከሰንዳይ የተመለሰ
እሑድ፣ ከቀኑ 11፡25

ለመጀመሪያ «ሊንዳ ሊንዳ» ትሁን፤ ዘ ብሉ ኸርትስ የተባለው ባንድ የ1987 ዘፈን። ኮርዶቿ ጥቂት ናቸው። በ2005 በወጣ አንድ ፊልም ውስጥ ለትምህርት ቤት በዓል ሦስት ቀን የቀራቸው ልጃገረዶች ከባዶ ተነሥተው የሚያጠኗት እርሷን ነው።


የክራር መምህር
እሑድ፣ ከምሽቱ 1፡40

እህቴ፣ ክሮቹን ለመገልበጥ አይቸኩሉ። የላይኛው የክር ማረፊያ የተቆረጠው ለእያንዳንዱ ክር ውፍረት ነው፤ ስትገለብጡት ወፍራሙ ክር አይገባም፣ ቀጭኑም ይንቀጠቀጣል፤ ማረፊያው መቀየር አለበት። መጀመሪያ ይህን ያድርጉ፤ ምንም ሳይነግሯት መጥረጊያ ያቀብሏትና እንደ ጊታር ያዢው ይበሏት። የትኛው እጇ ሆዷ ላይ ሆኖ ለመምታት እንደሚሄድ ይዩ። ቀኟ ከሆነ ጊታሩን እንዳለ ትማረው፤ ብዙ ግራኞች እንዲሁ ነው የሚጫወቱት። ግራዋ ከሆነ ደግሞ ይጻፉልኝ፤ ማረፊያውን እንዴት እንደሚያስቀይሩ እነግርዎታለሁ።